ሰው ቆርጦ የሰጣችሁን ተክል ለማቆየት

«እናቴን ውሃ አጠጣሃት?» ትለኛለች ሚስቴ ጠዋት ጠዋት። ጌሾዋን ማለቷ ነው። ጌሾዋን ያመጡልን አማቴ ናቸው፤ ከደንቢያ፣ ሥሯን በጆንያ ቁራጭ ጠቅልለው። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ጌሾ የሚባል ነገር የለም፣ «እናቴ» ነው የሚባለው። ዳማከሴው «የክርስትና እናት» ነው። ቡናው ደግሞ «ዘጌ»። አንድ ቀን ሚስቴ ደውላ «የክርስትና እናትህን ትናንት ከሥሯ ቆርጫታለሁ፣ በዝታ ነበር» ስትለኝ፣ ሱሪ ሊለካ አጠገቤ የቆመው ደንበኛ ስልኩ ጮክ ብሎ ኖሮ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በረንዳ ላይ ከሲንጀሬ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። ስለ ተክል የማውቀውን ያወቅሁት ተክል በመግደል ነው። ከገደልኳቸው ውስጥ በገንዘብ የገዛኋቸው ብዙም አይቆጩኝም፤ ችግኝ ጣቢያ ሄዶ ሌላ ማምጣት ይቻላል። የሚቆጨኝ ሰው ከገዛ ግቢው ቆርጦ በፌስታል ያስያዘኝ ነው። ሰውየው ካለፈ ደግሞ እንዲያውም አይጠየቅ። ይህን የምጽፈው እናንተ እንደኔ ብዙ እንዳትገድሉ ነው።

በመጀመሪያ ግን የእናቴን ጽጌረዳ ነገር ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ ከእሷ የመጣ ነው።

እናቴ ቤት በር ላይ ቀይ ጽጌረዳ ነበረች። አበባ ቤት እንደሚሸጠው ረጅም አንገት ያላት አይደለችም፤ አጭር፣ እሾኋ የበዛ፣ አበባዋ ትንንሽ፣ ሽታዋ ግን ዝናብ ካቆመ በኋላ መንገድ ድረስ የሚወጣ። እናቴ ከማን እንዳገኘቻት አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይሄ ነው። በ2008 እናቴ አረፈች፤ ከእህቶቼ ጋር ተስማምተን ቤቱን ሸጥን። ገዢው ግቢውን አስተካክሎ ሲሚንቶ አስለበሰው፤ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ቤት ነው፣ ምን እለዋለሁ። እኔ ግን ቁልፉን ሳስረክብ መቀስ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልብስ ሰፊ ያለ መቀስ አይሄድም። አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጬ መውጣት አቅቶኝ አልነበረም፣ ትዝም አላለኝ።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ የእናቴ የጽዋ ማኅበር ጓደኛ የነበሩ እማማ ቀሚስ ሊያሳጥሩ በረንዳዬ መጡ። እግራቸው እስኪደክም ስለ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ፣ ሊነሡ ሲሉ «እናትህ የሰጠችኝ ጽጌረዳስ ዘንድሮ ጉድ ሆነች፤ አበባዋ በዛ» አሉኝ።

«የቷ ጽጌረዳ እማማ?»

«የቷ ትለኛለህ የኔ ጌታ? በር ላይ የነበረችው ናታ! የማርያምን ጽዋ ልጠጣ የመጣሁ ለት እሷው በካራ ቆርጣ ሰጠችኝ።»

በዚያው ቀን ማሽኑን ሸፍኜ ተከትያቸው ሄድኩ።

አሁን በቤቴ በር ላይ ያለችው ጽጌረዳ ከእሳቸው ግቢ የመጣች ናት። ሰዎች «የእናትህ ጽጌረዳ ልጅ» ይሏታል። ልጅ አይደለችም። ከቅርንጫፍ ተቆርጦ ሥር ያወጣ ተክል ከተቆረጠበት ተክል ጋር አንድ ነው፤ ያው ግንድ በሌላ ቦታ ቀጠለ ማለት ነው። እናቴ ጠዋት ውሃ የምታጠጣት ራሷ ጽጌረዳ እኔ በር ላይ ናት። በዘር የሚበቅል ግን ልጅ ነው፤ እናቱን ሊመስል ይችላል፣ ላይመስልም ይችላል። ይህን ልዩነት ስትቀበሉ ጀምሮ እወቁት፤ ምክንያቱም ከሰው ግቢ ምን ይዛችሁ እንደምትወጡ የሚወስነው እሱ ነው።

ምኑን እንደምትቀበሉ

ጽጌረዳ፣ ዳማከሴ፣ ኮሰረት ከሆነ ቅርንጫፍ ጠይቁ። ጠጅ ሳር ከሆነ ከነሥሩ ተከፍሎ ይሰጣችሁ፤ አንድ እግር ጠጅ ሳር ተሰነጣጥቆ ለአምስት ቤት ይበቃል፣ ሰጪውም ምንም አይጎድልበትም። ቅጠሉን አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ ሥሩ ሳይጠነክር ረጅም ቅጠል መመገብ አይችልም።

ቡና በዘር ቢሰጣችሁ ቅር አይበላችሁ። የኛ ቡና አበባው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ልጁ ከእናቱ ብዙ አይርቅም። ጓደኛዬ ከዘጌ ያመጣልኝ ቀይ የበሰለ ፍሬ ነበር፣ አንድ እፍኝ፣ በሃይላንድ ፕላስቲክ። ልጣጩን በጣቴ አውጥቼ፣ ዝልግልጉን አጥቤ፣ ጥላ ላይ አሰጥቼ በሳምንቱ ዘራሁት። የቡና ዘር ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ከከረመ አይበቅልም። ብቅ ለማለትም ከወር ተኩል በላይ ስለሚፈልግ፣ ሞተ ብላችሁ አፈሩን አትገልብጡ። እኔ ገልብጬ ነው ግማሹን ያጠፋሁት።

ኮክ ግን ሌላ ነው። የአክስታችሁን ግቢ ኮክ በልታችሁ ፍሬውን ብትተክሉ የምታገኙት የአክስታችሁን ኮክ አይደለም፣ ወንድሙን ነው ወይም የወንድሙን ልጅ። እሱም ቢሆን ብርድ ካላገኘ አይነቃም፤ እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ማቆየት ነው። በነገራችን ላይ ፍሪጅ ውስጥ አፈር ማስቀመጥ ከሚስት ጋር እንደሚያጣላ ቀድማችሁ እወቁት።

ጌሾ በዘር ነው። የበሰለችው ፍሬ ጠቆር ስትል ወፍ በልቶ ከእናቲቱ ሥር ይበትነዋል፤ አማቴም የሰጡኝ ከዚያ ሥር ከበቀሉት ትንንሾች አንዷን ነቅለው ነው። ስለዚህ ቤታችን ያለችው የአማቴ ጌሾ ልጅ ናት። ሚስቴ ግን ይህን ብነግራትም «እናቴ» ማለቷን አላቆመችም። ጠላዋ ቅጠሉን፣ ጠጇ ደግሞ እንጨቱን ይፈልጋልና ሁለቱንም ከአንድ ቁጥቋጦ ነው የምትወስደው፤ በክረምት ቆረጥ ስታደርጋት ይበልጥ ታድጋለች።

መቼ

ከሐምሌ ሥላሴ በፊት መሬቱ ገና ይሞቃል፤ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ሥር ሳይጠነክር ዝናቡ ይሄዳል። ስለዚህ ሐምሌ 7 ሥላሴ ሲነግሥ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ እቆርጣለሁ፤ ቀኑን ላለመርሳት ነው እንጂ በዓሉ ተክል ያበቅላል ብዬ አይደለም። ከዚያ ወዲያ አምስት ሳምንት ያህል አለ። ኅዳር 6 ቁስቋም ሲደርስ ዝናቡ ቀርቷል፣ የያዘውና ያልያዘውም ይለያል።

ውሃ ሁልጊዜ በማይመጣበት ከተማ በበጋ ቆርጦ መትከል ከጀሪካን ጋር መጣላት ነው። በበጋ ሰው ከሰጣችሁ እምቢ አትበሉ፣ ግን መሬት አታውርዱት፤ በጣሳ አድርጋችሁ ጥላ ሥር አቆዩት። ልብስ የታጠበበትን የመጨረሻ ውሃ፣ ኦሞው ከወጣ በኋላ ያለውን፣ ይቀበላል። ጎመን ላይ አላደርገውም፣ ለጽጌረዳና ለጌሾ ግን አሥር ዓመት አድርጌዋለሁ።

የጽጌረዳዋን አቆራረጥ

ሰው ቶሎ የሚሳሳትበት እዚህ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልናገር።

አበባ ከጣለች በኋላ ያለውን ቅርንጫፍ ምረጡ፤ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ገና አረንጓዴ የሆነ ግን ሲታጠፍ እንደ ሳር የማይተኛ። አንድ ስንዝር ያህል፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን ያለው። የታችኛውን ጫፍ ከዓይኑ ሥር ሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ይሄ ለውበት አይደለም፤ ቤት ስትደርሱ የትኛው ወደ ታች እንደሆነ እንዳይጠፋችሁ ነው። ጽጌረዳ ተገልብጣ ከተተከለች አትይዝም፤ እኔ በጥድፊያ ሦስት ገልብጬ ተክዬ ወር ሙሉ ውሃ አጠጥቻለሁ። መቀሱ የተሳለ ይሁን። የጨርቅ መቀሴን ለዚህ አላነካም፣ የደነዘው ሌላ አለኝ ብዬ እሱን ወሰድኩና ግንዱን አደቀቀው፤ የደቀቀ ግንድ ይበሰብሳል። አሁን ምላጭ ነው የምጠቀመው።

ታች ያለውን ቅጠል ሁሉ አንሡ፣ ላይ አንድ ሁለት ብቻ ይቅር። መንገድ ከሆናችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ጨርቁን በፌስታል። ባጃጅ ውስጥ ከፊት መስታወቱ ሥር አታስቀምጡት፤ ከቁስቋም ፒያሳ እስክትደርሱ ይቀቀላል።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ብቻውን አይሆንም። ዋልካ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይዞ ሥር ያሰምጣል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። እኩል አሸዋ ቀላቅሉበት። ፍግ አሁን አትጨምሩ፤ ሥር የሌለው ቁራጭ ፍግ አይበላም፣ ይበሰብስበታል እንጂ። ፍጉ በኋላ ይደርሳል፣ ያውም የከረመው። የዘይት ጣሳ ታቹን በጋለ ምስማር አራት አምስት ቦታ ብሱ። ቁራጩን ግማሹ እስኪገባ ትከሉ፣ ዙሪያውን በጣት ጫን ጫን አድርጉ፣ አጠጡ። ከዚያ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቆርጣችሁ እንደ ቆብ ድፉበት። ክዳኑ ይከደን። ጣሳው ግን ከጥላ አይውጣ፤ ፀሐይ ካገኘው ውስጡ ምድጃ ነው።

አሁን እጃችሁን ሰብስቡ። ያዘ አልያዘም ብሎ መጎተት የለም። አዲስ ቅጠል ብቅ ማለት ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ቁራጩ በራሱ ስንቅ ቅጠል አውጥቶ ሥር ሳያወጣ ሊሞት ይችላል። አንድ ወር ጠብቁ፤ ሁለት ወርም ቢሆን አይበዛም። ከዚያ ክዳኑን ክፈቱ፣ በሳምንቱ ሃይላንዱን አንሡ፣ ቀስ በቀስ ፀሐይ አለማምዱት። ከእማማ ግቢ ስድስት ቆርጬ ሁለት ነው የያዘልኝ። ሁልጊዜ ስድስት ቁረጡ።

ዳማከሴ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ለውጡ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ነጭ ሥር ታያላችሁ። ምች የመታው ጎረቤት ማታ በር ቢያንኳኳ ቅጠል አይጠፋም። ጤና አዳም ደግሞ ውሃ ሲበዛበት ነው የሚሞተው፤ ለእህቴ ልጅ ምርቃት የተሰጠኝን ያልተበሳ ጣሳ ውስጥ አስምጬዋለሁ። ስትቆርጡት ፀሐይ ላይ በባዶ እጅ አታሹት። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ፈላ ውሃ ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ነፍሰ ጡር ሴት አትጠጣው።

ከማን እንደሆነ

ሰው ያልፋል፣ እኛም እንረሳለን፤ እናቴን ሳልጠይቃት የቀረሁትን ነገርኳችሁ። እኔ ጋ የማይጠፋ ነገር ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ተክል የሰጠኝ ሰው እኔ ጋ ልብስ አሰፍቶ ከነበረ፣ ከዚያ ልብስ የተረፈችውን ቁራጭ ፈልጌ ጣት በምታህል ስፋት ቀድጄ ተክሉ ላይ አስራለሁ። የክርስትና እናቴ ዳማከሴ ላይ ያለችው ሰማያዊ በነጭ ነጠብጣብ ናት፤ ለፋሲካ የሰፋሁላቸው ቀሚስ። አማቴ ላይ ጥቁር ናት፤ ለባለቤታቸው ሐዘን ያሰፉት። ጌሾዋን ባየሁ ቁጥር አማቴ በዚያ ጥቁር ልብስ ግቢው ውስጥ ቆመው «ውሃ አታብዛባት» ሲሉኝ ይታየኛል።

ስትታሰር ግን ላላ ትበል፤ አንድ ጣት በውስጧ ይግባ። ግንድ ይወፍራል፣ ጠብቃ የታሰረች ጨርቅ እንደ ገመድ ታንቀዋለች። ጥጥ ጨርቅ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ቶሎ ያልቃል፣ ፖሊስተር ይቆያል፤ ቀለሙ ግን ሁሉም ላይ ይለቅቃል። ስለዚህ መጻፍም አለ። የልኬት ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከደረትና ከወገብ ቁጥሮች ኋላ፣ እንዲህ ይላል፦ «ሐምሌ 2010። ጽጌረዳ። ከእማማ፣ እሳቸው ከእናቴ። 6 ተቆረጠ፣ 2 ያዘ።» እናንተ ልብስ ሰፊ ካልሆናችሁ ስልክ ላይ ፎቶ አንሥታችሁ የሰውየውን ስም ጻፉበት። ብቻ ስትቀበሉ «አንተስ ከማን አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ወደኋላ ይሄዳል።

ሲሞትና ሳይፈለግ ሲቀር

የሚስቴ እህት ከደባርቅ ጦስኝ ከነአፈሩ አምጥታልን ነበር። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ እግሯ ሥር አድርጋ። በሦስተኛው ወር ሞተ። ደባርቅ ከኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ጦስኝ ደጋ፣ ድንጋያማ፣ ውሃ የማይቆምበት መሬት ነው የለመደው፣ እኔ ዋልካ ውስጥ ተከልኩት። አንድ ዓመት ሙሉ ስትደውል ስለ ጦስኙ ወሬ ስቀይር ኖርኩ። በመጨረሻ ነገርኳት። ሳቀችና «ታዲያ እስካሁን ምን አስቀመጠህ፣ ዓመት ሙሉ ከደጄ አይደል ያለው» አለችኝ። ሁለተኛው በጣሳ፣ በጠጠር፣ እስካሁን አለ፤ ወፍራም አይደለም ግን አለ። የሞተውን ተናገሩ። የሰጣችሁ ሰው የሚከፋው ስትደብቁ ነው።

የማይሆን ተክል የሚሰጥም አለ። አንድ ወዳጄ የሾላ ችግኝ ይዞልኝ መጣ። ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ግንቡን አቅፈው የያዙትን የዛፍ ሥሮች አይቼ ያደግሁ ሰው ሾላ ከቤቴ ግድግዳ ሥር አልተክልም። ተቀበልኩት፣ ከሰፈራችን በታች ወንዙ ዳር ተከልኩት፣ የት እንዳለ ወስጄ አሳየሁት። አሁን ሲያልፍ እሱ ነው የሚጠይቀው።

መልሶ መስጠት

እንግዲህ ዋናው ይሄ ነው። የእናቴ ጽጌረዳ የተረፈችው እኔ ስለጠበቅኳት አይደለም፣ እናቴ ስለሰጠቻት ነው። እኔ በር ላይ ብቻ ብትሆን ነገ በአንድ ክረምት ልትበሰብስ፣ በአንድ ፍየል ልትበላ ትችላለች። ስለዚህ የያዘልኝን ተክል ሁሉ በሁለተኛው ክረምት ቆርጬ ቢያንስ ሁለት ግቢ አስገባለሁ፤ አንዱን ለሰጠኝ ሰው ራሱ እመልሳለሁ። ከወሰድኩ በኋላ የእማማ ጽጌረዳ በምስጥ ተበልታ ነበር፤ ከኔ ነው መልሰው የወሰዱት። ተከራይ ከሆናችሁ ይህ ይበልጥ ለእናንተ ነው፤ የምትወዱትን በጣሳ፣ ትርፉን በጎረቤት።

አንድ ችግር አለ። እንግዳ የሚበዛው በጥምቀት ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር ዘመድ ይመጣል፣ ግቢውን ያያል፣ «ከዚህች ቁረጥልኝ» ይላል። ጥር ደግሞ ለመቁረጥ የማይሆን ወር ነው። ብትቆርጡለት አዲስ አበባ ሳይደርስ ይደርቃል፣ እሱም «የጎንደር ተክል አይይዝም» ብሎ ያወራል። መፍትሔው ሐምሌ ላይ ነው ያለው፦ ስትቆርጡ ለራሳችሁ የምትፈልጉትን ብቻ አትቁረጡ፣ የጥምቀትን እንግዳ ቆጥራችሁ ቁረጡ። ኅዳር ላይ የያዙትን በየጣሳው ለዩ። ጥር ላይ ከነሥሩ፣ ከነጨርቁ ይሰጣል።

ዘንድሮ ስምንት ጣሳ ጽጌረዳ ነበረኝ። ለከተራ ሰባቱ አልቀው አንድ ቀረች። በሳምንቱ አንዲት ሴት ለልጇ ክርስትና ቀሚስ ልታሰፋ ቤቴ ድረስ መጣች፤ በረንዳው ላይ ሥራ በዝቶብኝ ማታ ቤት ነበር የምሰፋው። ስትለካ ሽታው ገባና «ይቺን ጽጌረዳ ከየት አገኛችኋት?» አለች። ቤቷን ስጠይቃት የነገረችኝ በር የኛ የድሮው በር ነው። የገዢው ባለቤት ናት። ሲሚንቶው እየተሰነጠቀ ስላስቸገራቸው ከፊሉን አንሥተውት አፈር ሆኗል አለችኝ፣ ምን እንደምትተክልበት እያሰበች ነበር።

ከቀሚሷ ጨርቅ የተረፈችውን ቀድጄ አሰርኩባትና ጣሳዋን ሰጠኋት። እስከ ሐምሌ ከጣሳው እንዳታወጣት፣ ከዚያ በኋላ ከበሩ በስተግራ፣ ከግንቡ አንድ ክንድ ራቅ አድርጋ እንድትተክላት ነገርኳት። የጠዋት ፀሐይ የሚያርፈው እዚያ ነው።